አራተኛው ሸክላ

ፖርት ታልቦት ላይ ዝናብ ከላይ አይወርድም፤
ከባሕሩ ተነሥቶ በጎን ነው የሚመጣ፣
ጃንጥላ አያውቅም፣ ኮፍያ አይፈራም።
በዚያ ዝናብ ቆምን፣ እኔና ግዊሊም፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣
ከሎውሪ ሱቅ ደጃፍ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ሸክላ በዚያን ቀን ሊወጣ።

«የማታ ፈረቃ» ነው የባንዱ ስም፤
አራት የሰፈር ልጆች፣ ከብረት ፋብሪካው አጥር ሥር የበቀሉ፣
አንዳቸውም ኖታ ማንበብ አይችሉም፤
የመጀመሪያውን ሸክላ በጸሎት ቤት ምድር ቤት፣ በተዋሱት ማይክራፎን፣
በሁለት ሌሊት ቀርጸው፣ በሦስተኛው ቀን ሥራቸው ላይ የዋሉ።

በዚያ ሸክላ፣ ሦስተኛው ዘፈን መሀል፣
የታልፍሪን ድራም ለአፍታ ዝም ሲል፣
የፋብሪካው ፉጨት ከሩቅ ይሰማል።
አላጠፉትም። ተውት እንዳለ።
አባቴ ያን ፉጨት ሰምቶ ከወንበሩ ብድግ አለ፤
ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነበር፤
ጫማውን ፈለገ ከአልጋው ሥር።

እንግዲህ አራተኛው።
መርፌውን አሳረፍኩ።
መጀመሪያ ዝምታ፤ የታጠበ፣ የተተኮሰ፣
እንደ ሆቴል አንሶላ።
ከዚያ ቫዮሊን። ሃያ ቫዮሊን!
ማን ጠራቸው? የማን ሠርግ ነው?
ከዚያ ኤምሪስ ገባ፣ ድምፁ ላይ ስኳር ተነስንሶ፣
ስለ መዋኛ ገንዳ ዘፈነ።
የመዋኛ ገንዳ!
እኛ ዘንድ ውሃ የጋለ ብረት ላይ ነው የሚፈስ፤
ጮኾ፣ ተንኖ፣ የሰው ፊት ልሶ።

ያ ልጅ ከአንጀቱ ነበር የሚዘፍን፤
አሁን ከአንገቱ።
አንዲት ፊደል ናት በሁለቱ መሀል፤
ስድስት ዓመት ሙሉ ለንደን ተቀምጦ
ያቺን ፊደል ጣላት።

«ሦስቴ ካልተሰማ አይፈረድም» አለ ግዊሊም።
ሦስቴ ሰማን። ስድስቴ።
ፍቅር እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይቀጥረው ጠበቃ ሆኖ ችሎት ይቆማል፣
«ጌታዬ፣ ቤዙ ግን ደኅና ነው፣
ሽፋኑም ያምራል» ይላል።
በሰባተኛው ግዊሊም ሳይናገር ሸክላውን ከተተው፣
በዝናቡ ውስጥ ይዞት ሄደ።
ሎውሪ ከባንኮኒው ሥር ካርቶን አሳየችው፦
«አንተ አሥራ ሁለተኛ ነህ።»

እኔ አልመለስኩም። ግን አልሰማሁትም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤
እንደ ተኳረፉት ዘመድ፣ ለቅሶ ላይ ብቻ እንደሚያዩት።

ባለፈው ኅዳር ቀለም ልገዛ ገባሁ።
የሚበጠብጠው ሰው ዱላውን ሲይዝ አወቅኩት፤
በሁለት ጣት፣ አውራ ጣቱን ለቀቅ አድርጎ፤
ታልፍሪን ነው።
ነገርኩት። ሳቀ። «አራተኛውስ አለሽ?»
«አለኝ።» «ትሰሚዋለሽ?»
«አዎ» አልኩ፣ ዓይኔን ቆርቆሮው ላይ ጥዬ።
«እኔ አልሰማውም» አለ። «ድራሙ እኔ አይደለሁም፤ ማሽን ነው።
እኔ ያኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ ሳንድዊች እበላለሁ፣ ቀን እቆጥራለሁ።
ደኅና ከፈሉን ግን። የእናቴ ቤት ጣራ በሱ ነው የተሠራ፤
አሁንም አያፈስም።»

አሁንም አያፈስም፣ በዚህ አገር ዝናብ።

ማታ አወጣሁት። አቧራውን ጠረግኩ።
እንዳልዋሽ፣ አሁንም መጥፎ ነው፤
ቫዮሊኖቹ ሃያ ናቸው፣ ገንዳው እንደሞላ ነው።
ግን የመጨረሻው ዘፈን አልቆ፣ መርፌው ሳይነሣ፣
አንድ ሰው ያስላል፤
የፋብሪካ ሳል፣ የኛ ሳል፣ አጣሪዎቹ የሳቱት።
ሸክላ ነው፣ ቢሰበር ገል ይሆናል፤
በገልም ቢሆን ከጎረቤት እሳት ይጫራል።

ከሦስቱ ጎን አቆምኩት።
በማግሥቱ ግድግዳውን ቀባሁ።
ታልፍሪን የበጠበጠው ነጭ ሲደርቅ ወደ ቢጫ አደላ።
ቆርቆሮውን አልመለስኩም።